የዘር መስመሩ ተገኘ፣ ሰውየውስ? የጄፈርሰንና የሄሚንግስ የዲኤንኤ ምርመራ

በኖቬምበር 1998 ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ሲያከራክር የኖረ የአባትነት ጥያቄ ላቦራቶሪ ገባ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተጠየቀው ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ነው። በቨርጂኒያ፣ ሞንቲቼሎ በተባለው ርስቱ በባርነት ትኖር የነበረችው ሳሊ ሄሚንግስ የወለደቻቸው ልጆች የእሱ ናቸው ወይ?

ጉዳዩን የመረጥሁት ለሐሜቱ አይደለም። ዛሬ በኦንላይን የምርመራ ዕቃ አዝዞ በአባቱ በኩል ያለውን የዘር ሐረግ ለማወቅ የሚሞክር ሰው የሚጋፈጠው ችግር ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። የተቋረጠ ስም አለ፣ የተለወጠ ስም አለ፣ እርስ በርሱ የሚጣላ የቤተሰብ ወሬ አለ፣ አንዱን አስደስቶ ሌላውን ያስለቀሰ ውጤትም አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዲኤንኤው ከተናገረው በላይ የተናገረ የመጽሔት ርዕስ አለ።

ሳሊ የተወለደችው በ1773 ነው። እናቷ ኤልሳቤጥ ሄሚንግስ በባርነት የተያዘች ሴት ነበረች። አባቷ የእናቷ ጌታ ጆን ዌይልስ ነው። ይኸው ጆን ዌይልስ የጄፈርሰን ሚስት የማርታም አባት ነው። ስለዚህ የቤቱ እመቤትና የቤቱ አገልጋይ በአባት እህትማማቾች ነበሩ። ማርታ በ1782 ሞተች፤ ጄፈርሰንም ከዚያ በኋላ አላገባም። ሳሊ በ1787፣ በ14 ዓመቷ፣ የጄፈርሰንን ትንሽ ልጅ አጅባ እሱ የአገሩ ልዑክ ሆኖ ወደሚኖርበት ወደ ፓሪስ ሄደች። በፈረንሳይ ነፃነቷን መጠየቅ ትችል ነበር። ልጇ ማዲሰን በ1873 ለአንድ የኦሃዮ ጋዜጣ እንደተረከው፣ በ1789 ወደ ቨርጂኒያ የተመለሰችው የምትወልዳቸው ልጆች 21 ዓመት ሲሞላቸው ነፃ እንዲወጡ ቃል ተገብቶላት ነው። ለአካለ መጠን የደረሱት ልጆቿ አራት ናቸው፤ ቤቨርሊ በ1798፣ ሃሪየት በ1801፣ ማዲሰን በ1805፣ ኤስተን በ1808 ተወለዱ።

ወሬው አደባባይ የወጣው በሴፕቴምበር 1802 ነበር። ጄምስ ካሌንደር የተባለ፣ ሹመት ጠይቆ ተከልክሎ ያኮረፈ ጋዜጠኛ፣ በሪችመንድ ጋዜጣ ላይ ፕሬዚዳንቱ ሳሊ የምትባል ሴት እንዳለችውና «ቶም» የተባለ ልጅ እንደወለደችለት ጻፈ። ጄፈርሰን ለዚህ ክስ በአደባባይ መልስ ሰጥቶ አያውቅም።

እዚህ ላይ ስለ ስም ማንሳት ግድ ነው። ቨርጂኒያ በ1662 ያወጣችው ሕግ የልጅን ነፃነትም ባርነትም በእናቱ ሁኔታ እንዲወሰን አደረገ። አባት ማንም ቢሆን ልጁ ለእናቱ ጌታ ንብረት ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ ሕግ በታች የአባት ስም ለልጅ የሚተላለፍበት መንገድ ተዘጋ። ሄሚንግስ የሚለው ስም ራሱ፣ በማዲሰን ትረካ መሠረት፣ ከአፍሪካዊት ሴት ኤልሳቤጥን ከወለደ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ የመጣ ነው። ስሙ ከመርከበኛው ወደ ሴት ልጁ ወደ ኤልሳቤጥ፣ ከእሷም ወደ ሳሊ፣ ከሳሊም ወደ ልጆቿ ተላለፈ። በመካከል ሁለት ሴቶች አሉ። የአባት መስመር የሚመረመርበት ዋይ ክሮሞዞም ደግሞ በሴት አያልፍም። ስለዚህ ሄሚንግስ የሚል ስም የያዘ አንድ ወንድ ቢመረመር የዚያን መርከበኛ ዘር አያገኝም፤ የሚያገኘው ሳሊን ያስወለዳትን ሰው ዘር ነው። ስሙ በአንድ መንገድ፣ ደሙ በሌላ መንገድ ሄዷል። በእንግሊዝ አገር የአንድ ቤተሰብ ስም ያላቸውን ወንዶች እየሰበሰቡ ዋይ ክሮሞዞማቸውን የሚያመሳክሩ ሰዎች የሚተማመኑበት፣ ስምና ክሮሞዞም አብረው ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳሉ የሚለው ግምት፣ በባርነት ሥር ባለፉ ቤተሰቦች ዘንድ ከመጀመሪያው አይሠራም።

አሁን ወደ ተፎካካሪዎቹ ታሪኮች። የጄፈርሰን ሕጋዊ ቤተሰብ አባትነቱን ካደ። ይሁን እንጂ የሳሊ ልጆች ጄፈርሰንን በጣም እንደሚመስሉ ሊክዱ አልቻሉም፤ እንግዳ ሁሉ የሚያየው ነገር ነበርና። ስለዚህ ሌላ ዘመድ ማቅረብ አስፈለገ። የልጅ ልጁ ቶማስ ጄፈርሰን ራንዶልፍ አባትየው ፒተር ካር ነው አለ። እህቱ ኤለን ኩሊጅ ግን በ1858 በጻፈችው ደብዳቤ ሳሙኤል ካርን ጠቆመች። ሁለቱ ካሮች የጄፈርሰን እህት ልጆች ናቸው። አንድ ቤት ያደጉ ወንድምና እህት በስሙ ላይ አለመስማማታቸው ብቻውን ሊያስጠረጥር በተገባ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ከመቶ ዓመት በላይ ይህንን ቃል ተቀብለው፣ የራሱን የማዲሰንን ምስክርነት ገሸሽ አደረጉት። የነጩ ቤተሰብ ቃል ታሪክ ተባለ፣ የጥቁሩ ቤተሰብ ቃል ደግሞ ተረት። ዲኤንኤው ከመጣበት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አንዲት የሕግ ምሁር ሁለቱን ምስክርነቶች በአንድ ሚዛን አስቀምጣ ይህን አድልዎ ነጥብ በነጥብ አሳይታ ነበር።

ሦስተኛ ታሪክ ያለው የዉድሰን ቤተሰብ ነው። ቶማስ ዉድሰን የተባለ ሰው ዘሮች፣ አባታቸው ካሌንደር የጠቀሰው ያ «ቶም» እንደሆነ፣ ከሳሊና ከጄፈርሰን እንደተወለደና ገና በልጅነቱ ከሞንቲቼሎ እንደወጣ ከትውልድ ትውልድ ሲያወሩ ኖረዋል። ይህ ወሬ በተለያዩ ከተሞች ተበታትነው፣ ለረጅም ጊዜ ሳይገናኙ በኖሩ ቅርንጫፎች ዘንድ በተመሳሳይ መልክ ይነገር ነበር። ለብዙዎች አሳማኝ ያደረገውም ይኸው ነው።

የጥናቱ ባለቤት በቻርሎትስቪል ይኖሩ የነበሩት ጡረተኛ የፓቶሎጂ ሐኪም ዶክተር ዩጂን ፎስተር ነበሩ። የሰበሰቡት የደም ናሙና በኔዘርላንድስና በእንግሊዝ ባሉ ላቦራቶሪዎች ተመረመረ።

የመጀመሪያው እንቅፋት ጄፈርሰን ራሱ ነበር። ዋይ ክሮሞዞም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ይተላለፋል፤ ጄፈርሰን ደግሞ ከሚስቱ የወለደው ያደገ ወንድ ልጅ የለውም። ሴት ልጆቹ የወለዷቸው ሁሉ ከእሱ ዋይ ክሮሞዞም አንድም አልወረሱም። እዚህ ላይ ነው የፎስተር ዘዴ ያማረው። ወደ ላይ ወጥተው በጎን ወረዱ። የጄፈርሰን አባት ፒተር ወንድም ነበረው፤ ፊልድ ጄፈርሰን ይባላል። ፒተርና ፊልድ የአንድ አባት ልጆች በመሆናቸው ዋይ ክሮሞዞማቸው አንድ ነው፤ ቶማስም ከፒተር የወረሰው ያንኑ ነው። ስለዚህ ከፊልድ ሁለት ወንዶች ልጆች፣ ወንድ ከወንድ እየተወለዱ የመጡ አምስት ሰዎች ተፈልገው ተገኙ። ከዉድሰን ወገን የሁለት ወንዶች ልጆቹ ዘር የሆኑ አምስት፣ ከካር ወገን የፒተርና የሳሙኤል አያት ከነበረው ከጆን ካር ሦስት ወንዶች ልጆች የወረዱ ሦስት፣ ከኤስተን ሄሚንግስ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ። ክርክሩ ሁሉ በአሥራ አራት ሰዎች ደም ላይ ቆመ።

ምርመራው ምን እንደሚያይ በአጭሩ ልናገር። አብዛኛው የዋይ ክሮሞዞም ክፍል ከእናት በኩል ከሚመጣ ክሮሞዞም ጋር አይደባለቅም፤ ልጅ የአባቱን እንዳለ ይቀበላል። በላዩ ላይ ማርከር የሚባሉ ቦታዎች አሉ። አንዳንዶቹ አንዲት አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ደጋግማ የምትገኝባቸው ናቸው፤ አንዱ ቦታ ላይ ለምሳሌ 15 ጊዜ፣ ሌላው ላይ 12 ጊዜ። ይህ ቁጥር ከአባት ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ በአንድ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። በአንድ ማርከር ላይ ይህ የሚሆነው በአማካይ በብዙ መቶ ትውልድ አንዴ ነው። ሌሎቹ ማርከሮች ደግሞ በጣም ቀስ ብለው የሚለወጡ ሲሆኑ፣ ሰውየው ከየትኛው የዓለም ትልቅ የወንድ ነገድ እንደሚመደብ ያሳያሉ። የቁጥሮቹ ስብስብ ሀፕሎታይፕ ይባላል፤ ትልቁ ምድብ ሀፕሎግሩፕ። በ1998ቱ ጥናት የታዩት ማርከሮች 19 ናቸው። ዛሬ በንግድ የሚሸጥ ተራ ምርመራ 37 ወይም 111 ያያል፤ ስለዚህ ዘመናዊ ሰው 19ን ይንቅ ይሆናል። ለዚህ ጉዳይ ግን በቂ ነበር፤ ለምን በቂ እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ከፊልድ ዘሮች አራቱ ፍጹም አንድ ሆነው ተገኙ። አምስተኛው በአንድ ማርከር ላይ በአንድ ቁጥር ብቻ ተለየ፤ በመካከል በተፈጠረ ለውጥ የሚገለጽ ልዩነት ነው። ይህ የጄፈርሰን ቤት ሀፕሎታይፕ ይህ ነው ለማለት አስቻለ። የካር ዘሮች ሦስቱም እርስ በርሳቸው ተመሳሰሉ፤ ከጄፈርሰን ጋር ግን ፈጽሞ አልገጠሙም። ከዉድሰን ዘሮች አራቱ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸው ታየ፤ ሀፕሎታይፓቸው የአውሮፓውያን ዓይነት ሆኖ ከጄፈርሰን የተለየ ነበር። አምስተኛው ዉድሰን ከወንድሞቹ ተለይቶ፣ ከሰሃራ በታች ባሉ አፍሪካውያን ዘንድ በብዛት የሚታይ ሀፕሎታይፕ ተገኘበት፤ በእሱ ቅርንጫፍ በአንድ ትውልድ ላይ በወረቀት የተጻፈው አባትና የወለደው አባት ተለያይተዋል ማለት ነው። የኤስተን ዘርስ? ከጄፈርሰኖች ጋር በ19ኙም ገጠመ።

መግጠሙ ክብደት ያገኘው ሀፕሎታይፑ ብርቅ ስለሆነ ነው። በብዙ አውሮፓውያን ዘንድ የተለመደ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ጎረቤትም፣ መንገደኛም፣ የርስቱ አናጢም ሊይዘው ይችል ነበር፤ 19 ማርከርም ብዙ ባልረዳ። የጄፈርሰን ሀፕሎታይፕ ግን ተመራማሪዎቹ ባነጻጸሯቸው ከ1,200 በላይ ወንዶች ውስጥ አንድም ጊዜ አልታየም። እንዲህ ያለ ነገር በአጋጣሚ የኤስተን ሄሚንግስ ዘር ላይ አይገኝም። በዚያ ላይ መግጠሙ ሌላም ነገር በአንድ ጊዜ አረጋገጠ፤ ከኤስተን እስከ ተመረመረው ሰው ድረስ በወረቀት የተጻፈው የአባትና የልጅ ሰንሰለት አልተሰበረም።

እንግዲህ መጽሔቱ ምን ብሎ አወጣው? ጄፈርሰን የባሪያውን የመጨረሻ ልጅ እንደወለደ፣ ያለ ምንም ጥርጣሬ ምልክት፣ በርዕሱ አተመ። ዋናው ጽሑፍ ግን እንዲህ አይልም። የሚለው፣ ከሁሉ ቀላሉና ሚዛን የሚደፋው ማብራሪያ ጄፈርሰን የኤስተን አባት መሆኑ ነው፤ ሌሎች ዕድሎችን ግን ሙሉ በሙሉ ልንዘጋ አንችልም። ፎስተር ራሳቸው ከሁለት ወር በኋላ በዚያው መጽሔት ላይ ርዕሱ አሳሳች እንደነበረ ጻፉ። ዘግይቶ ነበር። ዓለም ያነበበው ርዕሱን ነው።

የርዕሱ ችግር የቃላት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ዋይ ክሮሞዞም ወንድምን ከወንድም፣ አጎትን ከወንድም ልጅ አይለይም። በኤስተን መወለድ ጊዜ በቨርጂኒያ ይህንኑ ክሮሞዞም የያዙ አዋቂ የጄፈርሰን ወንዶች ከሁለት ደርዘን አያንሱም ነበር። ተከራካሪዎች በተለይ አንዱን መረጡ፤ ከሞንቲቼሎ 20 ማይል ገደማ ርቆ ይኖር የነበረውን የቶማስን ታናሽ ወንድም ራንዶልፍ ጄፈርሰንን። በኦገስት 1807 ጄፈርሰን ወደ ሞንቲቼሎ እንዲመጣ የጻፈለት ደብዳቤ አለ። ኤስተን የተወለደው በሜይ 1808 ነው፤ ወሩ ይገጥማል። ራንዶልፍ በዚያ ጊዜ መምጣቱን የሚያሳይ መዝገብ ግን የለም።

የራንዶልፍን ክርክር በቁም ነገር መውሰድ ይገባል፤ ምክንያቱም ከዲኤንኤው ጋር አይጋጭም። የሚጥለው ሌላ ማስረጃ ነው። ጄፈርሰን የሄደበትንና የተመለሰበትን ቀን የሚመዘግብ ሰው ነበር፤ የልጆቹን ልደትም በርስት መዝገቡ ጽፏል። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ሳሊ እያንዳንዱን ልጅ ባረገዘችበት ጊዜ ጄፈርሰን ሞንቲቼሎ ነበር፤ እሱ በሌለበት አንዴም አላረገዘችም። ፕሬዚዳንት ሆኖ ብዙውን ወር በዋሽንግተን በሚያሳልፍባቸው ዓመታትም ይህ አልተለወጠም። ቀጥሎ ነፃነቱ አለ። ቤቨርሊና ሃሪየት በ1822 ከርስቱ ሲሄዱ ማንም አላሳደዳቸውም። ማዲሰንና ኤስተን በ1826 በጄፈርሰን ኑዛዜ ነፃ ወጡ። ጄፈርሰን ከመቶ የሚበልጡ ሰዎችን በባርነት ይዞ ነው የሞተው፤ አብዛኞቹም ዕዳው እንዲከፈል ተሸጡ። ልጆቿ ሁሉ ነፃ የወጡላት እናት ሳሊ ብቻ ናት። ራንዶልፍን ደግሞ ከ1998 በፊት በአባትነት የጠረጠረው የለም፤ ካሮች በዲኤንኤ ከወደቁ በኋላ ነው ስሙ የተነሳው።

የራሴን ፍርድ ልስጥ። የ1998ቱ ምርመራ ትልቁ ሥራ ጄፈርሰንን ማግኘቱ አይደለም፤ ካሮችን ማስወጣቱ ነው። በአባት መስመር ምርመራ «አይደለም» የሚለው መልስ ከ«ነው» ይልቅ ብዙ እጥፍ ጠንካራ ነው። የካር ክሮሞዞም ካልሆነ የካር ልጅ አይደለም፤ ነገሩ አለቀ። የጄፈርሰን ክሮሞዞም ከሆነ ግን ገና ከጄፈርሰኖች የትኛው የሚል ጥያቄ ይቀራል፤ እሱን የሚመልሰው መዝገብ፣ ኑዛዜ፣ ምስክርና ቀን ነው። የቶማስ ጄፈርሰን ፋውንዴሽን ያቋቋመው ኮሚቴም በጃንዋሪ 2000 ሁለቱን አጣምሮ መርምሮ፣ አንድ አባል ባይስማማም፣ ጄፈርሰን የኤስተን አባት የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ እንደሆነ፣ በልጅነታቸው የሞቱትን ጨምሮ የስድስቱም የሳሊ ልጆች አባት ሳይሆን እንደማይቀር ደመደመ። በ2001 ሌላ ወገን የሰበሰባቸው 13 ምሁራን ደግሞ ከአንዱ በቀር አባትነቱ አልተረጋገጠም አሉ። ዛሬ አብዛኛው የታሪክ ባለሙያ ከመጀመሪያው ጋር ነው። በጄፈርሰን የቤተሰብ መቃብር ላይ የሚያዝዘው የዘሮቹ ማኅበር ግን በ2002 የሄሚንግስ ዘሮችን በአባልነት አልቀበልም ብሎ በከፍተኛ ድምፅ ወሰነ።

የኤስተን ቤተሰብ ታሪክ ለብቻው ይነገር ይገባዋል። ኤስተን ከእናቱ ሞት በኋላ ወደ ኦሃዮ፣ ቺሊኮቲ ሄዶ በቫዮሊን ተጫዋችነት ታወቀ። በ1852 ደግሞ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ዊስኮንሲን ተሻገረ። እዚያ ሲደርስ ስሙ ኤስተን ሄሚንግስ ጄፈርሰን ሆነ፤ ቤተሰቡም ከነጮች ተቆጠረ። ትልቁ ልጁ ጆን ዌይልስ ጄፈርሰን በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ በሰሜኑ ጦር ኮሎኔል እስከ መሆን ደርሷል። ሕጉ የነፈጋቸውን የአባት ስም በገዛ እጃቸው መልሰው ያዙት። ያስከፈላቸው ግን የእናታቸውን ወገን መሰወር ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ልጆቻቸው «ከጄፈርሰን ነው የወረድነው» ሲሉ ጥቁርነታቸው እንዳይታወቅ በመፍራት፣ የቤተሰቡ አዋቂዎች ታሪኩን ለውጠው «ከጄፈርሰን አጎት ነው» እንዲባል አደረጉ።

ይህን የቤተሰብ ቃል ከምርመራው ጎን አስቀምጡት። የአጎት ዘር ቢሆኑም ዋይ ክሮሞዞሙ ያው ነው፤ ምርመራው «አጎት» የሚለውን ስሪት ፍጹም ያጸድቀዋል። የሚያፈርሰው የሞት ቀን ነው፤ ፊልድ ጄፈርሰን ኤስተን ከመወለዱ አሥርት ዓመታት በፊት ሞቷል። ቀን ያልተጻፈበት ዲኤንኤ ብቻውን የተለወጠውን ታሪክና እውነተኛውን ታሪክ እኩል ይደግፋል።

የዉድሰን ቤተሰብ በበኩሉ ውጤቱን አልተቀበለም ማለት ይቻላል፤ አብዛኞቹ ዛሬም የአያቶቻቸውን ቃል ይዘዋል። ሁለት የልጆቹ መስመሮች ተመርምረው የተስማሙበትን ነገር ማስተባበል ይከብዳል። ሆኖም ምርመራው የነገራቸው ከማን እንዳልሆኑ ብቻ ነው፤ ያ አውሮፓዊ አባት ማን እንደነበረ አልነገራቸውም። ታሪክ ወስዶ ምንም ሳይሰጥ መሄድ የዚህ ምርመራ ባሕርይ ነው፤ ዕቃውን የሚሸጡት ድርጅቶች በማስታወቂያቸው ይህን አያነሱም።

የማዲሰን ወገንም አለ። በሕይወት ያለ የወንድ መስመር ዘር አልተገኘም፤ ልጁ ዊልያም ግን በካንሳስ በሌቨንዎርዝ ብሔራዊ መቃብር ተቀብሯል። አጥንቱ ይመርመር የሚል ጥያቄ ቀርቦ ነበር፤ የማዲሰን ዘሮች አልፈቀዱም። እኔ ትክክል ናቸው እላለሁ። ማዲሰን በ1873 አባቱ ማን እንደሆነ በስም ተናግሯል፤ 125 ዓመት ያላመነው ወገን ነው ሌላ ማስረጃ የሚፈልገው።

በ2007 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ወደ ክሮሞዞሙ ተመለሱ። የጄፈርሰን ዋይ ክሮሞዞም ዛሬ ሀፕሎግሩፕ ቲ ከሚባለው ምድብ ነው። በአውሮፓ ብርቅ ነው፤ በብዛት የሚገኘው በመካከለኛው ምሥራቅና በምሥራቅ አፍሪካ፣ ለምሳሌ በሶማሌዎች ዘንድ ነው፤ በኢትዮጵያም ይታያል። ታዲያ የጄፈርሰን ቤት ከእንግሊዝ ነው የመጣው የሚለው ወሬ ስህተት ነበር? ተመራማሪዎቹ በብሪታንያ ጄፈርሰን የሚል የቤተሰብ ስም ያላቸውን፣ ከፕሬዚዳንቱ ጋር ዝምድና የማያውቁ 85 ወንዶች መረመሩ። ሁለቱ ይህንኑ ብርቅ ክሮሞዞም ይዘው ተገኙ። ስለዚህ ክሮሞዞሙ ከስሙ ጋር በእንግሊዝ ምድር አብሮ ኖሯል፤ ከምሥራቅ የመጣበት ጊዜ ከስሙ መፈጠር እጅግ ይርቃል። ሀፕሎግሩፕ የሚናገረው ስለ ሺህ ዓመታት ነው። ውጤቱ «ቲ» ወይም «ጄ» ብሎ ሲመጣለት፣ አያቱ ከእንዲህ ያለ ነገድ ወይም ከእንዲህ ያለ ነቢይ ቤት ነው ብሎ የሚያውጅ ወገን ስላለን ይህን ማለቴ ነው።

ለእኛ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ቋሚ የቤተሰብ ስም የለንም። ዳዊት ከበደ የሚባል ሰው ሜሪላንድ ገብቶ ቢወልድ አንዱ ልጁ ኬብሮን ከበደ፣ ሌላው ናታን ዳዊት ዓይነት ስም ይዞ ትምህርት ቤት ይመዘገባል፤ አዲስ አበባ የቀረው ወንድሙ ልጆች ደግሞ ሌላ። በስም ብቻ የተሰበሰበ የምርመራ ቡድን ውስጥ «ከበደ» የሚሉ ሃምሳ ሰዎች ቢገኙ ሃምሳ የማይዛመዱ አያቶች ማለት ነው። በምትኩ ያለን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠር የአባት ሰንሰለት ነው፤ ስሙ በየትውልዱ ይለወጣል እንጂ የወንዱ መስመር ላይ ልክ እንደ ዋይ ክሮሞዞሙ ነው የሚሄደው። ለዚህ ምርመራ ከእንግሊዞቹ ስም የእኛ ቆጠራ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ በጽሑፍ እስከ ተያዘ ድረስ። በአውሮፓ የተደረጉ ጥናቶች በአንድ ትውልድ የወለደው አባትና የተጻፈው አባት የሚለያዩበትን ዕድል 1 በመቶ ገደማ ያደርጉታል። ያ ለእኛም ይሠራል ብለን ብንወስድ፣ በሰባት ትውልድ 7 በመቶ ያህል ይደርሳል። ጉዲፈቻና የጡት ልጅነት በነበረበት አገር ልዩነቱ ነውር መሆን የለበትም፤ ግን ይኖራል።

መመርመር ለሚፈልግ ቤተሰብ የፎስተርን መንገድ እመክራለሁ። መጀመሪያ፣ የአባት መስመርን የሚያየው የዋይ ምርመራ እንጂ በብዛት የሚሸጠው አጠቃላይ የዘር ምርመራ አለመሆኑ ይታወቅ። አንድ ሰው ብቻ መርምሮ ውጤቱን የቤቱ ሁሉ ነው ማለት አይቻልም። ከአንድ ቅድመ አያት የወረዱ፣ ግን ከሁለት የተለያዩ ወንዶች ልጆቹ የመጡ ሁለት ወንዶች ይመረጡ፤ የተቆጠረው ሰንሰለት ናሙናው ከመላኩ በፊት ከነቀኑና ከነቦታው ይጻፍ። ሁለቱ ከገጠሙ የቅድመ አያቱ ክሮሞዞም ታውቋል። ካልገጠሙ ከሦስተኛ ወንድ ልጅ የወረደ ሰው ይፈለግ፤ ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ሲታይ መቋረጡ በየትኛው ቅርንጫፍ እንዳለ ይታወቃል። ውጤቱ ለማን እንደሚነገርና የማይፈልግ ሰው ሳይሰማ የመቅረት መብት እንዳለው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ይወሰን፤ በተለይ አባትየው በሕይወት ካለ።